አሮጌ ብስክሌት ይፈታ ወይስ ይጠገን?

ቡራዩ፣ ጓሮዬ ውስጥ፣ አንድ ራሌ ነበረችኝ። ጥቁር፣ እንግሊዝ ሠራሽ፣ ባለ ሦስት ማርሽ። ከቁራሌ ነው የገዛኋት። አንድ እሁድ ቁልፍና ካቻቢቴ ይዤ ቁጭ አልኩና እስኪመሽ በታተንኳት፤ ሐሳቤ ዕቃዋን ለሰፈሩ ልጆች መቸርቸር ነበር። መቀመጫዋና ደወሏ በሳምንቱ ሄዱ። የፔዳሉን አክስ የሚይዙት ሁለት ቀለበቶች ግን የትኛውም ብስክሌት ላይ አልገባ አሉ። ለካ እንግሊዝ ኖቲንግሃም ከተማ የተሠሩት የድሮ ራሌዎች ቀለበት የራሱ የብሎን ጥርስ ነበረው፣ በአንድ ኢንች 26፤ ሌሎቹ የእንግሊዝ ብስክሌቶች 24 ነው። በመጨረሻ ቴላዮዋን፣ ማለትም የቱቦ አፅሟን፣ በኪሎ ለዚያው ቁራሌ መለስኩለት። እስካሁን ያናድደኛል።

ስለዚህ ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ቴላዮውን እዩት። ደህና ከሆነ አትፍቱ። ጎማም ካቴናም ፍሬንም ይተካል፤ አፅሙ ግን አይተካም።

እንዴት ይታያል? ከመሪው ሥር፣ ቱቦዎቹ ከፊተኛው አንገት ጋር የሚገናኙበት ላይ ጣታችሁን አሳልፉ። ቀለሙ ከተሸበሸበ ወይም ቱቦው እብጥ ካለ ከፊት ተጋጭቷል። ቀጥሎ ገልብጡትና የፔዳሉን አክስ የያዘውን ቤት ከሥሩ በካቻቢቴ ጫን ጫን አድርጉ፣ የክረምት ውሃ ወርዶ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ዝገቱ ተፍቆ ብረት ከታየ ችግር የለም፤ ካቻቢቴው ከሰመጠ አልቆለታል። መጣመሙን ለማወቅ ሲባጎ ይበቃል፦ የኋላ ጎማው አክስ ከሚገባበት በአንዱ በኩል አስራችሁ፣ በፊተኛው አንገት ዙሪያ አዙራችሁ፣ በሌላው በኩል መልሳችሁ ወጥሩት፤ ከዚያ ሲባጎው ከመቀመጫው ቱቦ በግራም በቀኝም ስንት እንደሚርቅ በማስመሪያ ለኩ። እኩል ከሆነ ቀጥ ያለ ነው። የ2 ሚሊሜትር ልዩነት እኔን አያስጨንቀኝም።

ከተሰነጠቀ ወይም ከበሰበሰ ግን ፍቱት፣ አትዘኑ። ከሁለት ሦስት ሬሳ አንድ የሚሄድ ይወጣል። ብቻ ከአንድ ፋብሪካ ይሁኑ።

የግራ ፔዳል ጥርሱ ግልብጥ ነው፤ የሚፈታው ወደ ሰዓት አቅጣጫ ሲዞር ነው። ይህን ሳያውቅ በጉልበት የሰበረ ስንት ሰው አይቻለሁ። የእንግሊዞቹ የቀኝ በኩል ቀለበትም እንደዚያው ነው፤ ጣልያን ሠራሽ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም እንደተለመደው ይፈታሉ። የፔዳሉን ክንድ ከአክሱ ጋር ያሰረውን ሽብልቅ ናፍጣ ቀብታችሁ አሳድሩት። ጠዋት ዳዶውን ከጫፉ ጋር እኩል እስኪሆን ብቻ አላሉት፣ ክንዱን ከሥር በብረት ቱቦ ደግፉ፣ ከዚያ አንዴ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ። በትንንሹ መኮርኮም ጥርሱን ያጠፋዋል።

ስተርሚ አርቸር የሚባለውን፣ የኋላ ጎማው መሐል ውስጥ የተደበቀውን ማርሽ ካገኛችሁ ቤቱን በጨርቅ ጥረጉት፣ ቁጥር ይወጣል። የእኔዋ ላይ 62 እና 5 የሚል ነበር፤ በፈረንጆች 1962፣ አምስተኛው ወር ማለት ነው። ውስጡን አትበትኑ፣ ከነጎማው ይሸጥ። ከአክሱ ጫፍ የምትወጣዋን ቀጭን ሰንሰለት ግን አብራችሁ እሰሯት፣ ያለሷ ማርሹ አይቀየርም። እኔ ከዳዶዎቹ ጋር ቆርቆሮ ውስጥ ጥያት፣ ገዢው ጎማውን ይዞ ከሄደ ከሳምንት በኋላ ነው ያገኘኋት።