ለማዮማ ኦፕራሲዮን እንዴት ይዘጋጃሉ? ከደምዎ ይጀምሩ

ሐኪሙ «ማዮማው ትልቅ ነው፣ በኦፕራሲዮን መውጣት አለበት» ሲል ብዙ ሴቶችን የሚያስጨንቃቸው ምላጩ ነው። ቀጠሮ የሚያስተላልፉት ግን ከዚያ ቀለል የሚሉ ነገሮች ናቸው፦ የደም ማነስ፣ ያልተገኘ ደም፣ ጠዋት የተጠጣ አንድ ብርጭቆ ሻይ። እነዚህን አስቀድሞ ማስተካከል ይቻላል።

1. ምን እንደሚወጣ ይጠይቁ

ማዮማ ከማህፀን ጡንቻ የሚያድግ እጢ ነው። ካንሰር ሆኖ የሚገኘው እጅግ ጥቂቱ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ተረጋግቶ ለመጠየቅ ፋታ አለ። አንዱ ኦፕራሲዮን እጢውን ብቻ አውጥቶ ማህፀኑን ይተወዋል። መውለድ ለምትፈልግ ሴት የሚሻለው ይህ ነው፤ ነገር ግን ማዮማው እንደገና ሊያድግ ይችላል፣ የተቆረጠው ጥልቅ ከሆነም ወደፊት በኦፕራሲዮን ይውለዱ ሊባሉ ይችላሉ። ሌላው ማህፀኑን ጨምሮ ያወጣል፤ ማዮማው አይመለስም፣ እርግዝናም ያበቃል።

የስምምነት ፎርሙን ከመፈረምዎ በፊት አንዲት ጥያቄ አትቅር፦ «ደሙ አልቆም ካለ ማህፀኔን ታወጡታላችሁ?» እጢ ብቻ ሊወጣ ተገብቶም ይህ አልፎ አልፎ ያጋጥማል። ለታማሚው ሳይነግሩ ቤተሰብን ኮሪደር ላይ ጠርቶ የማማከር ልማድ አለን፤ እዚህ ላይ ግን ቦታ የለውም ባይ ነኝ። መልሱን ራስዎ ይስሙት።

2. ደምዎን ይሙሉ

ከባድ የወር አበባ ለወራት ሲፈሳት የቆየች ሴት ደሟ አንሶ ነው ኦፕራሲዮን የምትደርሰው። እርጉዝ ላልሆነች ሴት ሄሞግሎቢን (በደም ምርመራ የሚለካው ኦክስጅን ተሸካሚ) ከ12 ግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ የደም ማነስ ይባላል፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ለምትኖር ደግሞ መለኪያው ከዚያም ከፍ ይላል። አይረን (የብረት ማዕድን ያለው መድኃኒት) ደም የሚሞላው በቀናት ሳይሆን በሳምንታት ነው። ስለዚህ ኦፕራሲዮን እንደሚያስፈልግ በተነገረዎት ቀን ስለ አይረን ይጠይቁ፣ «ቀኑ ሲቃረብ እጀምራለሁ» አይበሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አወሳሰዱ ላይ ነው። ቡናና ሻይ አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል። እንክብሉን ውጦ ወዲያው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ማለት መድኃኒቱን እንደ መጣል ነው። በባዶ ሆድ፣ ቢቻል በብርቱካን ጭማቂ ይውሰዱት፤ ቡናው ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ይድረስ። ጨጓራዎን ካቃጠለዎት ከምግብ ጋር ቢሆንም ጨርሶ ከመተው ይሻላል። ሰገራ ይጠቁራል፣ ያ አያስደነግጥዎ። ቀኑ ከቀረበና ደምዎ ዝቅ ካለ በደም ሥር ስለሚሰጠው አይረን ሐኪሙን ያማክሩ።

ስንት ዩኒት ደም መዘጋጀት እንዳለበትም ይጠይቁ። ሆስፒታሉ ቤተሰብ እንዲለግስ ከፈለገ ለዘመድ አዝማዱ ቀደም ብለው ይንገሩ። የሚፈለገው ዕድሜው ከ18 እስከ 65፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ፣ ባለፉት ሦስት ወራት ደም ያልሰጠ ጤነኛ ሰው ነው። «እኔ እሰጣለሁ» ያለ ሁሉ በዕለቱ አይገኝም፤ መጠባበቂያ ይያዙ።

3. የሚወስዱትን ሁሉ ይናገሩ

አስፕሪን፣ ደም ማቅጠኛ፣ የስኳርና የግፊት መድኃኒት፣ የባህል መድኃኒትም ጭምር። አንዳንዱ ቀድሞ ይቆማል፣ አንዳንዱ እስከ ጠዋቱ ይቀጥላል። በራስዎ ውሳኔ አያቁሙ። በሳምንቱ ትኩሳት ወይም ሳል ከጀመረዎት ሳይደብቁ ይናገሩ።

4. ዋዜማው

«ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ምንም እንዳይቀምሱ» ከተባሉ፣ ሐኪሙ ጠዋት ይውሰዱ ካለዎት መድኃኒት በቀር ምንም ማለት ምንም ነው። ማደንዘዣ ሲሰጥ ሆድ ውስጥ ያለው ተመልሶ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ጠበልም ይቆጠራል። ጠዋት ጠበል ጠጥታ ለነርሷ «አልቀመስኩም» የምትል ሴት ልትዋሽ ፈልጋ አይደለም፤ ጠበል እንደ ምግብ ስለማይታያት ነው። ማታ ይጠጡ፣ ጠዋት ፊትዎን ይታበሱበት።

የጥፍር ቀለም ያስለቅቁ። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ የሚያነበው ብርሃን አሳልፎ ስለሆነ ቀለሙ ሊያሳስተው ይችላል። እንሶስላና ሂና ደግሞ በአሴቶን ስለማይለቁ ቀጠሮው ከተያዘ ወዲህ ባይሞቁ ይሻላል። ቀለበትና የብረት መስቀል ቤት ይቅሩ፤ ማተብዎ እንዲበጠስ ካልፈለጉም ምን እንደሚደረግ ቀድመው ነርሷን ያነጋግሩ። ገላዎን ይታጠቡ እንጂ ኦፕራሲዮኑ የሚደረግበትን አካባቢ ፀጉር በምላጭ አይላጩ፤ ምላጭ የሚተዋቸው ጥቃቅን ቁስሎች ለኢንፌክሽን በር ይከፍታሉ።

5. አስታማሚና ቤት

ሆድ ተከፍቶ ከሆነ ስድስት ሳምንት ያህል ከባድ ነገር ማንሳት የለም፦ ጀሪካን፣ የሊጥ ባልዲ፣ የሚታዘል ልጅ። እንጀራውን ማን እንደሚጋግር ከመግባትዎ በፊት ይወሰን፤ ተኝተው እያሉ የሚነሳ ጭቅጭቅ አያሳርፍም። ሰፋ ያለ ቀሚስ፣ ሞዴስ፣ ጋቢና የስልክ ቻርጀር ይያዙ። ሲያስልዎት ሆድ ላይ የሚጫን ትራስም ይጠቅማል።

ከአስታማሚዎች አንዱን ለአንድ ጉዳይ ብቻ ይመድቡ። የወጣው እጢ ለፓቶሎጂ ምርመራ (ካንሰር እንዳለበት ወይም እንደሌለበት በላብራቶሪ ለሚታይበት) መላኩን ያረጋግጥ፣ ናሙናውን ላብራቶሪ አድርስ ከተባለም ደረሰኙን ይያዝ፣ ውጤቱ የሚደርስበትን ቀን ይጻፍ፣ ተቀብሎም ለሐኪሙ ያሳይ። ቁስሉ ሲሽር ቶሎ የሚረሳው ይኸው ወረቀት ነው።