ምሳሌን በቀኑ ቁጥር ማንበብ

መጽሐፍ ቅዱስ ከፍታችሁ «የት ነበር ያቆምኩት?» የምትሉ ከሆነ ይቺን ሞክሯት። መጽሐፈ ምሳሌ 31 ምዕራፍ ነው። ቀኑ 12 ከሆነ ምዕራፍ 12ን አንብቡ። ያመለጣችሁን ተዉት፤ ወደ ዛሬው እለፉ። ውዝፍ ስለማይጠራቀም አይሰለችም። የኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ 31ኛውን በ30 ደርቡት። በ15 ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ «የለዘበች መልስ ቁጣን ትመልሳለች» የሚለውን ያነበበ፣ ከረዳቱ ጋር በመልስ ብር አይጨቃጨቅም፤ ቢያንስ ያን ቀን! በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የ81ዱ መጻሕፍት አቆጣጠር ግን ከ25 ጀምሮ ያለው «ተግሣጽ» የሚባል ራሱን የቻለ መጽሐፍ ነው፤ ጠፋ ብላችሁ እንዳትደነግጡ። ደግሞ የዕለቱን ምዕራፍ እንደ ዕጣ አትቁጠሩት። ሥራ ልልቀቅ፣ ላግባ ለሚል ጥያቄ ምልክት አይፈለግበትም።