በአሉሚኒየም ላይ የተበላ የብሎን ጥርስን ስለ መጠገን

የሞተር ሳይክል ሞተር ሽፋን የሚታሰርባቸው የኤም 6 (6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብሎን የሚገባባቸው) ቀዳዳዎች ጥርሳቸው የሚበላው አብዛኛውን ጊዜ ብሎኑ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ነው። ብሎኑ ብረት፣ ገላው ደግሞ ለስላሳ አሉሚኒየም በመሆኑ፣ 10 ኒውተን ሜትር ገደማ ላይ መቆም የነበረበት ጥብቀት ሲታለፍ ተሸናፊው አሉሚኒየሙ ነው።

ጉዳቱ ሁሉ ግን መብሳትን አይጠይቅም። አስቀድሞ ቀዳዳውን በነጭ ጋዝ አጥቦ ጥልቀቱን በቀጭን ሽቦ መለካት ይገባል፤ ጥርሱ የተበላው ከላይ ብቻ ከሆነና ከታች ያልተነካ ጥርስ ከተረፈ፣ የቀዳዳውን መጨረሻ እስካልነካ ድረስ ከቀድሞው በ5 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ብሎን ብቻውን ይበቃል። የተጣመመ ጥርስም በመደበኛ የኤም 6 ታፕ (ቀዳዳ ውስጥ ጥርስ በሚያወጣ መሣሪያ)፣ በእጅና በቀስታ ይስተካከላል።

ጥርሱ ተቦጭቆ ከወጣ አስተማማኙ መፍትሔ ሄሊኮይል የሚባለው፣ ከማይዝግ ብረት ሽቦ የተጠቀለለውና በሰፋው ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ አዲስ የኤም 6 ጥርስ የሚሆነው ማስገቢያ ነው። ብዙዎች ቀዳዳውን አስፍተው ኤም 8 ብሎን ያስገባሉ፤ ይህ ግን በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ስስ ግድግዳ ስለሚያዳክምና የሽፋኑንም ቀዳዳ ማስፋት ስለሚያስከትል አልመክረውም።

ዕቃውን በሞርሳ ከማሰር በፊት መንጋጋዎቹ መሐል እንጨት ማድረግ፣ ከዚያም በ6.3 ሚሊ ሜትር ፑንታ መብሳት ነው። በዚህ ሥራ ከሁሉ የሚከብደው ፑንታውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ስለሆነ፣ የሚቻል ከሆነ በእጅ ትራፓኖ ፈንታ በቋሚ ትራፓኖ መሥራት ይሻላል፤ ቀዳዳው አንዴ ካዘመመ ብሎኑ ከሽፋኑ ቀዳዳ ጋር አይገጥምም፣ ማቃናቱም አስቸጋሪ ነው። በፑንታው ላይ የሚቀባ ግሪስ ፍቅፋቂው ወደ ሞተሩ እንዳይገባ ይይዘዋል።

ቀጥሎ ከማስገቢያው ጋር አብሮ የሚሸጠውን ልዩ ታፕ በነጭ ጋዝ እያራሱ፣ ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ እያሉ ጥርስ ማውጣት ያስፈልጋል፤ መደበኛው የኤም 6 ታፕ ለዚህ አይሆንም። ቀዳዳው ከጸዳ በኋላ ማስገቢያው ወደ ታች ሳይጫኑት፣ ጫፉን ይዞ በሚያዞረው መክተቻ መሣሪያ እየዞረ ይገባል፣ የላይኛው ጫፉም ከገጹ ግማሽ ዙር ያህል ዝቅ ሲል ይቆማል። ከማስገቢያው ታች ያለችው፣ መክተቻው የሚይዛት ትንሽ የሽቦ ምላስ በቀጭን ዘንግ አንድ ጊዜ ተመትታ ስትሰበር በወረንጦ ትወጣለች፤ ሞተር ውስጥ ከወደቀች ጥርሳ ጥርሱን ታበላሻለችና ሳትገኝ ሽፋኑ መገጠም የለበትም።

ብሎኑ መጀመሪያ በእጅ ብቻ እስከ መጨረሻው መግባት አለበት። እርጥበት ባለበት የማይዝግ ብረትና አሉሚኒየም ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ስለሚበላ፣ ማጥበቁ ከመጀመሩ በፊት ጥርሱ ላይ ስስ ቅባት መቀባት ይገባል።