የአቡጀዲ አሻንጉሊት አሰፋፍ፦ አንገቷ እንዳይወድቅ

የጨርቅ አሻንጉሊት ቶሎ የሚበላሸው አንገቱ ላይ ነው። ስፌቱ ምንም ቢያምር፣ አንገት ላይ ጥጡ ከሳሳ ልጅቷ ሁለት ቀን ስታዝላት ጭንቅላቷ ደረቷ ላይ ይደፋል።

ወደ 33 ሳንቲ ሜትር ለምትረዝም አሻንጉሊት ግማሽ ሜትር አቡጀዲ፣ 120 ግራም ያህል ባዘቶ (ፍሬው ወጥቶ የተፍታታ ጥጥ)፣ ጠንካራ የጥጥ ክር፣ ጥቁር የሱፍ ክር፣ ለቀሚሷ ደግሞ ጥለት ያለው የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ይበቃል። ባዘቶ ካጣችሁ የተዳመጠ ጥጥ በጣት እያባዘታችሁ ተጠቀሙ። ፍሬ የቀረበት ጥጥ ግን ከላይ ሲዳሰስ ይቆረቁራል።

አቡጀዲውን ሳትቆርጡ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡት፤ አለዚያ ቀለም በደንብ አይቀበልም፣ ኋላም ሲታጠብ ይኮማተራል። የቆዳ መልክ እንዲይዝ በ2 ሊትር ውሃ 6 የሾርባ ማንኪያ ሻይ ቅጠል 15 ደቂቃ አፍልታችሁ አጥልሉ። ጨርቁን እርጥብ እንዳለ ነክራችሁ አንድ ሰዓት ያህል እያገላበጣችሁ አቆዩት። ደረቁን ከነከራችሁት ዥንጉርጉር ይሆናል። ሲደርቅ ስለሚፈዝ፣ ከምትፈልጉት ትንሽ ጠቆር ሲል አውጡት።

ልኩን መጀመሪያ ካርቶን ላይ ሳሉ። ጭንቅላትና ገላ አንድ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ጭንቅላቱ 8፣ አንገቱ 4.5፣ ትከሻው 9 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። እጅ 12 በ3.5፣ እግር 14 በ4። ጨርቁን አጥፋችሁ፣ ዙሪያውን ለስፌት 1 ሳንቲ ሜትር ጨምራችሁ ቁረጡ። ቁመቱ በድሩ (በጨርቁ ርዝመት በሚሄደው ክር) አቅጣጫ ይሁን፤ በሰያፍ የተቆረጠ እግር ሲሞላ ይጠማዘዛል።

ገልብጣችሁ፣ ክሩን ደርባችሁ፣ መርፌውን በየእርምጃው ወደ ኋላ እየመለሳችሁ ስፉ። እርምጃው ከ3 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ጥጡ ሾልኮ ይወጣል። የገላውን ታች፣ የእጅና የእግሩን አናት ክፍት ተዉ። አንገቱ በሚታጠፍበት ቦታ ትርፉን ጨርቅ፣ ስፌቱ ጋ 2 ሚሊ ሜትር እስኪቀር በመቀስ ጫፍ ሦስት አራት ቦታ ሰንጥቁ። ይህን ከዘለላችሁ ሲገለበጥ አንገቷ ይጨማደዳል።

ስፌቱ ወደ ውስጥ እንዲገባ መልሳችሁ ገልብጡት። አሁን አሞላሉ። ጥጡን የለውዝ ፍሬ በሚያክል መጠን እየቆነጠራችሁ በእርሳስ ጀርባ ወደ ጠርዙ ግፉት። አንድ እፍኝ በአንዴ ከከተታችሁ ይጓጉልና ፊቷ ጎርበጥባጣ ይሆናል፤ ያንን ደግሞ ከውጭ እያሹ ማስተካከል አይቻልም፣ ማውጣት ብቻ ነው። ጭንቅላቱ ሲጠነክር፣ 8 ሳንቲ ሜትር የሚረዝምና 2 ሳንቲ ሜትር የሚወፍር የአቡጀዲ ጥቅል ጠቅልላችሁ በክር እሰሩ። ግማሹ ጭንቅላት፣ ግማሹ ደረት ውስጥ እንዲሆን አስገቡና ዙሪያውን በጥጥ ጠቅጥቁት። እንጨት ማስገባት ይቀላል፤ ግን አንድ ቀን ጨርቁን በስቶ ይወጣል። ስትጨርሱ በወገቧ ይዛችሁ አዘንብሏት፦ ጭንቅላቷ ከተወዛወዘ ጥጥ ጨምሩ።

እጅና እግሩን ስትሞሉ ከአናቱ 2 ሳንቲ ሜትር ባዶ ተዉ፤ ጢም ካለ አሻንጉሊቷ አትቀመጥም። የእግሮቹን አናት በገላው ታች 1 ሳንቲ ሜትር አስገብታችሁ አንድ ላይ ዝጉ፤ እጆቹን ትከሻ ላይ ሁለት ዙር ስፉ።

ዓይንና አፍ በክር ይጠለፉ። ለሕፃን በምትሰጥ አሻንጉሊት ላይ ጨሌም ቁልፍም አታድርጉ፤ ተነቅሎ ይዋጣል። ለፀጉሩ 50 ሳንቲ ሜትር የሚሆኑ 40 የሱፍ ክሮች አናቷ ላይ አጋድማችሁ፣ መሐላቸውን ከግንባር እስከ ማጅራት ስፉና ሹሩባ ሥሯት።

ነጠላ በእጅ የተሸመነ ስለሆነ መቀስ እንደነካው መተርተር ይጀምራል። ስለዚህ በምትቆርጡበት መስመር ግራና ቀኝ አስቀድማችሁ ስፉ፣ ከቆረጣችሁ በኋላ ጠርዙን ዘምዝሙ። ጥለቱ ከቀሚሱ ጫፍ ላይ ይዋል። ቀሚሱ የሚወልቅ ይሁን፤ እሱ ለብቻው ይታጠባል። ገላዋን ግን ውሃ ውስጥ አትንከሩ፤ የተጠቀጠቀ ጥጥ ቶሎ ስለማይደርቅ ውስጡ ይሻግታል። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ ነፋስ ላይ አስጧት።