ፑል ላይ ስቲክ ቀጥ አድርጎ መምታት እንዴት ይለመዳል?

ክረምት ላይ ደሴ ፑል የተጫወተ ሰው ያውቀዋል። ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል፣ ጨርቁ እርጥበት ስለያዘ ኳሱ ሁሉ ይከብዳል። አንዱ እጅጌውን ሰብስቦ ባለ በሌለ ኃይሉ "ዷ!" ያደርጋል። ተመልካች ይጮኻል። ኳሷ ግን ቀዳዳው አፍ ላይ ተንገጫግጫ ትመለሳለች። እኔም ለብዙ ጊዜ እንደዚያ ነበርኩ። የሚከፍለው ተሸናፊ ስለሆነ ያስተማረኝ ኪሴ ነው። ኢላማዬ ደህና ነበር። ቀጥ ብሎ የማይሄደው ስቲኩ ነው።

መጀመሪያ ስቲክ ምረጡ። ጠረጴዛው ላይ አስተኝታችሁ አንከባልሉት። ጫፉ ብድግ ዝቅ ካለ ተጣሟል፣ ተዉት። ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ 147 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ክብደቱ ከ510 እስከ 600 ግራም። በክብደቱ አትጨነቁ፤ ዋናዋ ጫፉ ላይ ያለችው ቆዳ ናት። እንደ መስታወት ካብለጨለጨች ጠመኔ አትይዝም። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ አሻክሯት። ጠመኔ የምንለው እንኳ በልማድ ነው። በፈረንጆቹ 1897 አሜሪካ ውስጥ ፓተንት የወጣለት ዓይነት፣ የሲሊካና የኮረንደም ዱቄት ተጨምቆ የሚሠራ ነው፤ ቆዳው ኳሷን ቆንጠጥ እንዲያደርግ ይረዳል። ብዙ ሰው ግን የስቲኩን ጫፍ ጠመኔው ውስጥ ወትፎ እንደ መሰርሰሪያ ያሽከረክረዋል። አይደለም፣ ከላይ ከላይ ቀባ ቀባ አድርጉት።

ቀጥሎ አቋቋም። ከጠረጴዛው አንድ እርምጃ ራቁና ቆማችሁ መስመሩን እዩ። ቀኝ እጅ ከሆናችሁ ቀኝ እግራችሁን መስመሩ ላይ አድርጉ፣ ግራውን ወደፊት ከፈት፤ ከዚያ ጎንበስ በሉ። ጎንበስ ካሉ በኋላ እግር ማስተካከል የለም። ካልተመቻችሁ ተነስታችሁ እንደገና ጀምሩ። አገጭ ከስቲኩ በላይ፣ ይበልጥ የሚያየው ዓይናችሁም ወደ መስመሩ ጠጋ ይበል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሁለቱንም ዓይን ገልጣችሁ ጦሳ ተራራ ላይ ያለ አንድ ነገር በጣታችሁ ጠቁሙ፣ ከዚያ ተራ በተራ ጨፍኑ። ጣቱ ከቦታው ሳይነቃነቅ ያየው ዓይን እሱ ነው።

የፊት እጅ ድልድይ ነው። መዳፉን ጨርቁ ላይ አሳርፉ፣ ጣቶቹን ዘርጉ፣ አውራ ጣትን ከሌባ ጣት ጎን ቀና አድርጉና ስቲኩ በመሃላቸው ይለፍ። ከነጯ ኳስ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበቃል። ጀማሪ በጣም ይርቃል፣ ከዚያ ጫፉ ይወዛወዝበታል።

የኋላ እጅ ላይ ነው ነገሩ። ስቲኩን እንደ ሲኒ ያዙት። ትኩስ አቦል ሲቀርብላችሁ ሲኒውን በመዳፍ አትጨብጡትም፣ ያቃጥላላ! በጣት ጫፍ ነው። ስቲክም እንደዚያው። ጠበቅ ስታደርጉ አንጓችሁ ይጠመዘዛል፣ ስቲኩም ወደ ጎን ይሸሻል። ጫፉ ኳሷን ሊነካ ሲል ከክርን በታች ያለው ክንድ ቀጥ ብሎ ወደ መሬት የተንጠለጠለ ይሁን። የሚንቀሳቀሰው እሱ ብቻ ነው። ትከሻ ቁጭ ይበል።

አሁን ምቱ። ሁለት ሦስቴ ሞክሩ፣ ከዚያ ወደኋላ ስትስቡ ቀስ። ወሎዬ ከሆናችሁ ይገባችኋል፦ ስበቱ እንደ ትዝታ ዘፈን ነው። ጥቂት ቆም፣ ዓይን ወደምትገባዋ ኳስ፣ ከዚያ ወደፊት። ኳሷን ስትነኩ አታቁሙ፣ ስቲኩ አሥር አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር አልፎ ይሂድ። ኳሷ ቀዳዳ እስክትገባም ቀና አትበሉ። እኔን በጣም ያስቸገረኝ ይሄ ነው። ገባች አልገባች ለማየት እቸኩላለሁ፣ ስቸኩል ትስታለች።

ለልምምድ ነጯን ብቻ ተጠቀሙ። መጀመሪያ ኳስ በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ አንከባልሉ፤ ጠረጴዛው ዘመም ያለ ከሆነ ራሳችሁን በከንቱ ትወቅሳላችሁ። ከዚያ ነጯን በጠረጴዛው ቁመት መሃል ለመሃል ምቱና ስቲኩን ሳታነሱ ጠብቁ። ከወዲያኛው ጠርዝ ነጥራ ተመልሳ የስቲኩን ጫፍ ከነካች ቀጥ ብላችኋል። ጠርዙን በትክክለኛው ቦታ ነክታ ስትመለስ ወደ ቀኝ ከሄደች፣ ሳታውቁት ከመሃሏ ወደ ቀኝ መትታችኋል። ገና ስትሄድ ከጠመመች ደግሞ አቋቋማችሁን እዩ። የመጀመሪያ ቀን ከሃያ ምት ሦስቱ ቢመለሱላችሁ አብሽሩ፣ እኔ ሁለት ነበር።

ያ ሲለመድ ሌላ ኳስ ግማሽ ሜትር ፊት ለፊት አስቀምጡ። ነጯን ከመሃሏ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ምቱ። ቀጥ ካላችሁ ነጯ እዚያው ድርቅ ብላ ትቆማለች። በጣም ግን አትውረዱ። ኳሷ 57 ሚሊ ሜትር ናት፤ ከመሃሏ 14 ሚሊ ሜትር ያህል ከራቃችሁ ጫፉ ያዳልጣል። "ቀጭ!" ሲል ባለቤቱ ከቡናው ላይ ይነሳል፤ ጨርቁ እንዳይቀደድበት ነው።

ተራ እየጠበቃችሁስ? ባዶ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ በአንዱ ጠረጴዛ ላይ አስተኙ፣ አፉ ወደ እናንተ ይሁን። ድልድዩን ሠርታችሁ የስቲኩን ጫፍ ጠርዙን ሳትነኩ አስገቡ አውጡ። ጫፉ 13 ሚሊ ሜትር ነው፣ ክፍተቱ ጥቂት ነው። "ቅልጭ" ባለ ቁጥር እጃችሁ ጠምሟል ማለት ነው። አሥር ጊዜ ሳይጮህ ከገባ ፍጥነት ጨምሩ። ስትጨርሱ ጠርሙሱን መልሱ፣ ማስያዣ አለው።