የጤና ጥናት እንዴት ይነበባል? ከመሐሉ ጀምሩ

«አዲስ ጥናት እንዳረጋገጠው…» የሚል ዜና ስልካችን ላይ ሳይደርስ የሚያልፍ ሳምንት የለም። አንዱ ይጠቅማል ያለውን ሌላው በሳምንቱ ይጎዳል ይላል። ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ጥናት በአንድ መስመር ተጨምቆ ሲመጣ ዋናው ነገር መንገድ ላይ ይቀራል። ጥናቱን ራሱን ከፍቶ ማየት ግን የሚፈራውን ያህል ከባድ አይደለም። ሐኪም መሆን አይጠይቅም። የት የት ማየት እንዳለባችሁ ካወቃችሁ ግማሽ ሰዓት ይበቃችኋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ዜናውን ትታችሁ ጥናቱን ፈልጉ

ደህና ዜና የጆርናሉን (ጥናቱ የወጣበትን የምርምር መጽሔት) ወይም የተመራማሪውን ስም ይጠቅሳል። እሱን ይዛችሁ ፐብሜድ ላይ ፈልጉ። ፐብሜድ የሕክምና ጥናቶች መፈለጊያ ነው፤ ለማንም ክፍት ነው፣ በነጻ ነው። ሙሉው ጽሑፍ በክፍያ የተቆለፈ ቢሆን እንኳ አብስትራክቱ፣ ማለትም አጭር መግለጫው፣ ይነበባል። ዜናው የጥናቱን ምንጭ ጭራሽ ካልጠቀሰ እዚያው ተዉት፤ ጊዜያችሁን አታባክኑ።

ጥናቱን ስታገኙት መጀመሪያ አለመሰረዙን አረጋግጡ። በ1998 ላንሴት የተባለው ጆርናል ላይ የወጣውና የኩፍኝን ክትባት ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው ጽሑፍ የተሠራው በ12 ሕጻናት ላይ ብቻ ነበር። ጆርናሉ የሰረዘው በ2010 ነው። በመሐሉ ስንት ወላጅ ልጁን ሳያስከትብ ቀረ።

2. መግቢያውን ዝለሉት፣ «ምን ለኩ?» ብላችሁ ጠይቁ

አብዛኛው የጤና ጥናት ቅደም ተከተሉ አንድ ነው፦ መግቢያ፣ ዘዴ፣ ውጤት፣ ውይይት። መግቢያው ችግሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይነግራችኋል፤ ያንን ታውቁታላችሁ። በቀጥታ ዘዴው ላይ ሂዱ። ሰው ሁሉ ዘሎት የሚያልፈው ክፍል እሱ ነው፤ የጥናቱ ጉድም ሙያም ያለው ግን እዚያ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ፤ ፈጠራ ነው። የሕክምና ተማሪዎች ከታካሚ ጋር እንዴት መነጋገር እንዳለባቸው የሁለት ቀን ስልጠና ወሰዱ እንበል። ከስልጠናው በፊት ሲፈተኑ በአማካይ 52 አገኙ፣ ሲጨርሱ 81። ዜናው «ስልጠናው የሐኪሞችን ግንኙነት አሻሻለ» ብሎ ይወጣል። የተለካው ግን ወረቀት ላይ ያለ መልስ ነው። ከታካሚ ፊት ተቀምጦ ያያቸው ሰው የለም።

ዶናልድ ኪርክፓትሪክ የተባለ አሜሪካዊ በ1959 ስልጠናን የሚመዝን ባለ አራት ደረጃ መለኪያ አወጣ፤ የሕክምና ትምህርት ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይሠሩበታል። ሰልጣኙ ወደደው? አወቀ? ሥራው ላይ አዋለው? በመጨረሻስ የተለወጠ ነገር አለ? ጤና ላይ አራተኛው ጥያቄ ታካሚው ተሻለው ወይ ማለት ነው። እኔ ጥናት ስከፍት መጀመሪያ የማየው የትኛው ደረጃ ላይ እንደቆመ ነው። ብዙው አንደኛውና ሁለተኛው ላይ ይቆማል፤ ምክንያቱም መጠይቅ ማደል ቀላል ነው፣ ታካሚን ለወራት መከታተል ግን ገንዘብም ዕድሜም ይጨርሳል። ይህ ነውር አይደለም። ነውሩ ሁለተኛውን ለክቶ አራተኛውን ማወጅ ነው።

«ወደዱት» የሚለውማ አይነሳ። እኔ ራሴ አንድ ስልጠና ሲያልቅ የአስተያየት ቅጽ ሰጡኝ። መሽቶ ነበር፣ ቤቴ መግባት ፈልጌያለሁ። ሳላነብ ሁሉም ላይ «እጅግ በጣም ጥሩ» የሚለውን ምልክት አድርጌ ወጣሁ። ያቺ ምልክት አንድ ሪፖርት ውስጥ ፐርሰንት ሆና ተቀምጣ ይሆናል።

መቼ እንደለኩም እዩ። በ2006 ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አንድ ጽሑፍ አስጠኑ። አንዱ ቡድን እንደገና አነበበው፤ ሌላው ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ፤ 81 በመቶ ሲያስታውሱ ሌሎቹ 75። ከሳምንት በኋላ ተገለበጠ፦ ያነበቡት 42፣ ራሳቸውን የፈተኑት 56። ጥናቱ 5 ደቂቃው ላይ አልቆ ቢሆን ኖሮ ድምዳሜው የተገላቢጦሽ ይሆን ነበር። ስለዚህ ፈተናው የተሰጠው ስልጠናው ባለቀበት ከሰዓት ከሆነ፣ ከስድስት ወር በኋላ ምን ተረፈ ብላችሁ ጠይቁ።

3. ከማን ጋር ነው የተነጻጸረው?

«ከዚያ በፊት እንዲህ ነበር፣ አሁን እንዲህ ሆነ» ብቻውን ብዙም አይናገርም። በሽታም በራሱ ጊዜ ይሻላል፣ ተማሪም በራሱ ጊዜ ይበስላል። ያልሰለጠነ ወይም ያልታከመ ሌላ ቡድን አብሮ ካልታየ ለውጡ ከየት እንደመጣ መለየት አይቻልም።

ለዚህ ከኦስትሪያዋ ከተማ ከቪየና ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ትልቁ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩት። በአንደኛው የሕክምና ተማሪዎች ይማሩ ነበር፣ በሁለተኛው አዋላጆች። በ1846 በተማሪዎቹ ክፍል ከወለዱት 4,010 እናቶች 459 ሞቱ፤ 11.4 በመቶ ማለት ነው። በአዋላጆቹ ክፍል 2.8 በመቶ ነበር። እናቶቹ ደግሞ መርጠው አይገቡም፤ የሚገቡበት ክፍል የሚወሰነው በመጡበት ቀን ተራ ነው። ስለዚህ «እነዚያ ደካሞች ነበሩ» ብሎ ማምለጥ አይቻልም። ኢግናዝ ዜምልቫይስ የተባለው ሐኪም ልዩነቱን ሲያጠናው ተማሪዎቹ አስከሬን ከመረመሩ በኋላ በዚያው እጃቸው ወደ ማዋለጃው እንደሚገቡ ልብ አለ። በ1847 በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ። በ1848 ሁለቱም ክፍሎች 1.3 በመቶ ላይ ተገናኙ።

ሁለተኛው ክፍል ባይኖር ኖሮ 11.4 በመቶው «የወሊድ ነገር ነው» ተብሎ ይታለፍ ነበር። ያኔ የቀን ተራው የሠራውን ዛሬ የሚሠራው ዕጣ ነው። ዘዴው ክፍል ውስጥ ተሳታፊዎቹ በዕጣ መመደባቸው ከተጻፈ አንድ ነጥብ ስጡት። የማነጻጸሪያ ቡድን ጭራሽ ከሌለ «አሻሻለ» የሚለውን ቃል አትቀበሉ።

4. የጠፉትን ቁጠሩ

ስንት ሰው ተጋበዘ፣ ስንቱ መለሰ? 300 ሰው መጠይቅ ተልኮለት 60 ብቻ ከመለሰ፣ ዝም ያሉት 240 ምን ያስቡ ነበር? ብዙ ጊዜ ሠንጠረዥ 1 ላይ ወይም ከእሱ በፊት ባለው ሥዕል ላይ ታገኙታላችሁ።

5. «በእጥፍ ጨመረ» ሲባል፣ ከስንት ወደ ስንት?

እዚህ ላይ ነው ዜና ሰውን የሚያስደነግጠው። በ1995 በብሪታንያ፣ አዲስ ትውልድ የሚባሉ የእርግዝና መከላከያ እንክብሎች የደም መርጋትን አደጋ በእጥፍ ይጨምራሉ ተብሎ ማስጠንቀቂያ ወጣ። ብዙ ሴቶች እንክብሉን ጣሉት። ቁጥሩ ሲታይ አደጋው ከ7,000 ሴቶች ከአንዷ ወደ ሁለት ነበር የጨመረው። እጥፍ ነው፤ ውሸት የለበትም። ግን በ7,000 ሴት የተጨመረችው አንድ ናት። እርግዝና ራሱ የደም መርጋትን አደጋ ከእንክብሉ በላይ ይጨምራል። በቀጣዩ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ ወደ 13,000 ተጨማሪ ውርጃ እንደተፈጸመ ተገምቷል።

ስለዚህ «እጥፍ»፣ «በ50 በመቶ» የሚል ስታዩ ሁለቱን ጥሬ ቁጥሮች ፈልጉ፤ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፏቸው። የውጤት ክፍሉ ውስጥ አሉ። ፒ ቫሉ (p) የሚባለውን ቁጥር ደግሞ ብዙ አትፍሩት። ከ0.05 በታች ነው ማለት «ምንም ልዩነት ባይኖር ኖሮ እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ መገኘቱ እምብዛም ነው» ማለት ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው ወይም ይጠቅማል ማለት አይደለም። ብዙ ሺህ ሰው ከተለካ ኢምንት ልዩነትም ፒ ቫሉውን ከ0.05 በታች ያወርደዋል።

6. ውስንነቱን አንብቡ፣ ከዚያ ወደ ዜናው ተመለሱ

ውይይቱ መጨረሻ አካባቢ «የጥናቱ ውስንነቶች» የሚል አንቀጽ አለ። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው የሚናዘዙበት ቦታ ነው። ገንዘቡን ማን እንደሰጠም ከታች ይጻፋል፤ አምራቹ ከሆነ ጥናቱ ሐሰት ነው ማለት ሳይሆን ዘዴውን ሁለቴ አንብቡ ማለት ነው።

አሁን ዜናውን እንደገና ክፈቱና ግሱን አነጻጽሩ። ጥናቱ «ተያይዞ ታይቷል» ያለውን ዜናው «ያመጣል» ካለው፣ ችግሩ ያለው እዚያ ነው። ጉዳዩ የራሳችሁን መድኃኒት ወይም ሕመም የሚነካ ከሆነ ደግሞ በአንድ ጥናት አትወስኑ። በርዕሱ ላይ የተሠሩትን ሁሉ ሰብስቦ የሚመዝን ግምገማ ካለ፣ እንዲህ ያሉ ግምገማዎችን የሚያወጣው ኮክሬን የተባለው ድርጅት ድረ ገጽ ላይ ፈልጉ። በተራ ቋንቋ የተጻፈ ማጠቃለያም አለው። እሱን ይዛችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ።