ሶሻል ወርክን እንዴት እንማር፦ ከዲፓርትመንት ምርጫ እስከ ፊልድ ደብተር

«ተመርቀህ ምን ልትሆን ነው?» ሶሻል ወርክ የገባ ተማሪ ሁሉ ይህን ጥያቄ ከዘመድ አዝማዱ መስማቱ አይቀርም። ጠያቂዎቹ ላይ አይፈረድም። በ1959 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት በደርግ ዘመን ተዘጋ። ትምህርቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደገና የተጀመረው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያውም በማስተርስ ደረጃ። በመሀል ያደገው ትውልድ ሙያውን በስሙ እንኳ ሳያውቀው ኖረ። ስለዚህ «የተቸገረ መርዳት ነው» ብለው ቢደመድሙት አይግረማችሁ። እናንተ ግን እንደዚያ ብላችሁ አትግቡ።

እኔ ተምሬው፣ ሠርቼበት፣ አሁን ደግሞ ለፊልድ፣ ማለትም ለተግባር ልምምድ፣ የሚመጡ ተማሪዎችን ደብተር አነባለሁ። የምጽፈው ከዚያ ያየሁትን ነው።

1. ከመምረጣችሁ በፊት

ፍሬሽማን ጨርሳችሁ ዲፓርትመንት ስትመርጡ ሶሲዮሎጂ፣ ሳይኮሎጂና ሶሻል ወርክ ጎን ለጎን ይመጡላችኋል። ልዩነቱን ባጭሩ ልንገራችሁ። አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ቀረ እንበል። ሶሲዮሎጂ «ልጆች ለምን ከትምህርት ይቀራሉ?» ይላል። ሳይኮሎጂ የልጁን ስሜትና አስተሳሰብ ያያል። ሶሻል ወርከሩ ግን ቤቱ ድረስ ሄዶ እናትየውን ያነጋግራል፣ ርዕሰ መምህሩን ያገኛል፣ ወረዳ ይደውላል፣ በሚቀጥለው ሳምንትም ተመልሶ ልጁ ክፍል መግባቱን ያረጋግጣል። መሄድ፣ መደወልና መመለስ የሚያሰለቻችሁ ከሆነ ሌላውን ምረጡ። እውነቴን ነው።

አዲስ አበባና ጎንደርን ጨምሮ በርከት ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ያስተምሩታል። የግል ኮሌጅ ወይም የርቀት ትምህርት ካሰባችሁ ፈቃዱን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሩ። ቀጥላችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «ፊልድ የት ነው የምትልኩን? የሚቆጣጠረንስ ማነው?» መልሱ ከተድበሰበሰ ክፍያውን አትክፈሉ።

2. ክፍል ውስጥ

ተገኙ፣ አንብቡ፣ አሳይመንት በሰዓቱ አስገቡ። ይህን አላብራራም።

የማብራራው ሌላ ነገር ነው። መጽሐፎቹ አብዛኞቹ የአሜሪካ ናቸው። ምዕራፉን ስትከፍቱ ልጅ የተበደለበት ቤት አለ፣ ስልክ የሚደውል መምህር አለ፣ ወዲያው የሚመጣ የመንግሥት ባለሙያ አለ፣ ልጁን የሚቀበል አሳዳጊ ቤተሰብ አለ። ይህን ሸምድዳችሁ ፈተና ታልፋላችሁ፤ ቀበሌ ስትገቡ ግን ትደናገራላችሁ። እያንዳንዱን ምዕራፍ ስትጨርሱ በኅዳጉ ላይ «እኛ ሰፈር ይህን ማን ይሠራል?» ብላችሁ ጻፉ። ልጁን የሚወስደው አክስት ነው? ለቀብር ድንኳንና ወንበር የሚያወጣው ዕድር፣ ወላጅ ያጡትን ልጆችም ያያል ወይስ እዚያው ቀብር ላይ ያበቃል? ንስሐ አባት፣ ሼኽ፣ የሰፈር ሽማግሌ የት ጋ ይገባሉ? መልሱ ከሰፈር ሰፈር ይለያያል። ያንን የያዘ ተማሪ ፊልድ ሲወጣ የሚይዘው የሚጨብጠው አይጠፋውም።

ሕግም አንብቡ። ብዙ ተማሪ «ይሄ የሕግ ተማሪ ጣጣ ነው» ብሎ ይዘለዋል። ቢያንስ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36፣ ማለትም የሕፃናትን መብት፣ እንዲሁም የቤተሰብ ሕጉን፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992ን ያዙ። ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛውን ከእንግሊዝኛው ጎን ስለሚያትም ማንበቡ አይከብድም። ልብ በሉ፤ ብዙ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ፊልድ የምትወጡበትን ክልል ሕግ ፈልጉ።

ስታቲስቲክስን አትሽሹ። ሒሳብ ጠልቶ ወደዚህ የመጣ ተማሪ ሞልቷል፤ ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ መልሶ ይጠብቀዋል።

3. ጄኖግራምና ኢኮማፕ

ጄኖግራም የቤተሰብ ዝምድና የሚሣልበት፣ ኢኮማፕ ደግሞ ቤተሰቡ ከአካባቢው ጋር ያለው ግንኙነት የሚሣልበት ንድፍ ነው። ለሁለቱም እርሳስና ነጭ ወረቀት ይበቃል። ለዚህ ሶፍትዌር የሚያወርዱ ተማሪዎች አሉ፤ ሰውየው ፊት ለፊታችሁ ተቀምጦ ላፕቶፕ ስትነካኩ ወሬው ይቀዘቅዛል። በጄኖግራም ወንድ አራት ማዕዘን፣ ሴት ክብ ናት፤ የሞተ ሰው ምልክት ላይ ኤክስ ይደረጋል። ኢኮማፕ ደግሞ አን ሃርትማን የተባለች አሜሪካዊት የሶሻል ወርክ ምሁር በ1975 እ.ኤ.አ. የነደፈችው ነው። ቤተሰቡን መሀል ክብ ውስጥ ታስቀምጡና ዙሪያውን ትምህርት ቤቱን፣ ጤና ጣቢያውን፣ ዕድሩን፣ አከራዩን በየክባቸው ታስቀምጣላችሁ። ጠንካራውን ግንኙነት በወፍራም መስመር፣ የላላውን በነጠብጣብ፣ ጭቅጭቅ ያለበትን በዚግዛግ መስመር ታገናኛላችሁ።

እኛ አገር አንድ ወጥመድ አለ። «ወንድሜ» የተባለው ሁሉ ወንድም አይደለም፤ የአጎት ልጅም፣ አብሮ አደግም ወንድም ይባላል። በአንድ ቤት ያሉ ልጆች የአባታቸው ስም ሊለያይ ይችላል። «በእናት ነው በአባት?» ብሎ መጠየቅ ነውር ስላልሆነ ጠይቁ። «ያሳደገችኝ» የምትባል ሴት ካለች ደግሞ ሳትዘሉ አስገቧት። ልጁ የተቸገረ ቀን የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ እሷ ጋ ነው።

4. ፊልድ ቦታ መምረጥ

ከዲፓርትመንታችሁ ደብዳቤ ያዙና ሂዱ። ሁሉም ተማሪ ስሙ ወደ ገነነ ድርጅት ይሮጣል። እዚያ ግን ተማሪው ስለሚበዛ ፎቶ ኮፒ ስታነሱ ልትከርሙ ትችላላችሁ። እኔን ብትጠይቁኝ የወረዳ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትን እመርጣለሁ። ቢሮው ጠባብ ነው፣ ወንበር ላይኖር ይችላል። ጉዳዩ ግን በሽበሽ ነው፤ የቀለብ ጥያቄ፣ የነጻ ሕክምና ደብዳቤ፣ ከአረብ አገር ተመልሳ ቤተሰቧ ጋ መግባት ያልቻለች ልጅ፣ ልጆቹ ያልጠየቁት አዛውንት። ሆስፒታልም ጥሩ ነው፤ በተለይ ታካሚ ሲወጣ ወዴት እንደሚሄድ የሚታሰብበት ክፍል።

ከቦታው ይልቅ ተቆጣጣሪውን ምረጡ። ደብተራችሁን በየሳምንቱ የሚያነብ ሰው ካለ የትም ቦታ ይሁን ያዙት።

5. የንግግር ዘገባ፦ ተማሪ የሚወድቅበት ቦታ

ከሰው ጋር ያወራችሁትን ቃል በቃል፣ ማን ምን እንዳለና ያኔ ምን እንደተሰማችሁ የምትጽፉበት ዘገባ ነው። ሁሉም ተማሪ ይጠላዋል። ረጅም ነው፣ አሰልቺ ነው፣ ያሳፍራል። ሙያው የሚለመደው ግን እዚህ ላይ ነው።

ደብተሩን በአራት ዓምድ ክፈሉት፦ የተባለው፣ የታየው፣ እኔ የተሰማኝ፣ የተቆጣጣሪ አስተያየት። ሰውየው ፊት አትጻፉ። እስክሪብቶ ሲያይ ሰው ቢሮ ቢሮ ይሸተዋል፤ የሚያወራው ለእናንተ መሆኑ ይቀርና ለፎርም ይሆናል። ወጥታችሁ መንገድ ላይ ቁልፍ ቃላትን ጫር ጫር አድርጉ። ሙሉውን ሳትተኙ ጻፉት። ካደረ የራሳችሁን ንግግር ማሳመር ትጀምራላችሁ።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ። አንዲት ተማሪ ብቻቸውን የሚኖሩ የስኳር ሕመምተኛ እናት ቤት ሄዳ ተመለሰች። ሪፖርቷ እንዲህ ይላል፦ «ተገልጋይዋ መድኃኒታቸውን በአግባቡ እየወሰዱ መሆኑን ገልጸዋል።» ንጹሕ ዓረፍተ ነገር። የንግግር ዘገባውን ጻፊ አልናት፤ ይህ ወጣ፦

— እማማ፣ ጤናዎት እንዴት ነው?
— ተመስገን ነው ልጄ። ይነጋል ይመሻል።
— መድኃኒትዎን እየወሰዱ ነው?
— እ... እወስዳለሁ እንጂ። (ወደ ጓዳ ዞር አሉ።) ቡና ላፍላልሽ?
— አይ፣ አይቸገሩ። ጎረቤቶችዎስ ይጠይቁዎታል?

ሁለቱን አወዳድሩ። «እ...» ሪፖርቱ ውስጥ የለም። ወደ ጓዳ መዞራቸው የለም። ቡናው ወሬ ማስቀየሪያ ሊሆን እንደሚችል የለም። «እኔ የተሰማኝ» በሚለው ዓምድ ልጅቱ «ደንገጥ አልኩ፣ ላስጨንቃቸው አልፈለግኩም» ብላ ጻፈች። እዚህ ላይ ነው ተቆጣጣሪ የሚገባው። «ጥያቄውን ያለፍሽው ለእሳቸው ብለሽ ነው ለራስሽ?» ተባለች።

በቀጣዩ ሳምንት ተመልሳ ሄደች። ቡናውን እሺ አለች። ጀበናው ሲጣድ «ዛሬ ጠዋት መድኃኒቱን የወሰዱት ከቁርስ በፊት ነው በኋላ?» ብላ ጠየቀች። እማማ ሳቅ ብለው «የምን ቁርስ?» አሉ። ምግብ ሳይኖር ሲወስዱት እያዞራቸው ትተውት ነበር። ያ ሁሉ ነገር አንድ «እ...» ውስጥ ተኝቶ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ግልጽ ነው፦ ጤና ጣቢያው እንዲያውቅ ማድረግና በወረዳው በኩል የምግብ ድጋፍ መፈለግ።

ስለዚህ አዎ ወይ አይደለም የሚያስብል ጥያቄ ቀንሱ። የሆነ ቀንን፣ የሆነ ሰዓትን ጠይቁ። ዝም ሲባል ዝምታውን ለመሙላት አትቸኩሉ፤ ይልቅ ደብተሩ ላይ «ዝም አሉ» ብላችሁ ጻፉት። «ደህና ነኝ» እና «ተመስገን» የጨዋ ሰው ሰላምታ ናቸውና እንደ መረጃ አትመዝግቧቸው።

6 እና 7. ገንዘብ፣ ተስፋና ስልክ

ከኪሳችሁ ብር አትስጡ። ይህን ስል ልበ ደረቅ የሚሉኝ አሉ። አብሮኝ የተማረ ልጅ አዘነና ለአንዲት እናት ብር ሰጠ። በሚቀጥለው ጉብኝት ጎረቤት ሁሉ በር ላይ ጠበቀው። ሴትየዋም ስለ ልጃቸው ጉዳይ ማውራት ትተው የቤት ኪራይ ብቻ ሆነ ወሬያቸው። ያልተሰጣቸው ተቀየሙ፣ ተማሪውም ወደዚያ ሰፈር መሄድ አፈረ። መጀመሪያ ቀን ቁርጡን ተናገሩ፦ «ተማሪ ነኝ። ገንዘብ የለኝም፤ እርዳታ የሚገኝበትን ቦታ ግን አብረን እንፈልጋለን።» «እናያለን» አትበሉ። ለተቸገረ ሰው «እናያለን» ቃል መግባት ነው።

የባለጉዳይ ስም ደብተር ላይ አይጻፍ፤ ኮድ ስጡት። ፎቶ አታንሱ። ክላስ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ዛሬ ፊልድ ላይ» ብሎ የሰው ቤት መለጠፍ ነውርም ነው፣ ከፊልድም ያስባርራል።

8. የመመረቂያ ጽሑፍና መውጫ ፈተና

ርዕስ ስትመርጡ አጥብቡ። «በኢትዮጵያ የጎዳና ልጆች ችግር» ርዕስ አይደለም፤ አንድ ሰፈር፣ አንድ ጥያቄ ይሁን። ፊልድ የወጣችሁበት ቦታ ያስነሳባችሁ ጥያቄ ካለ ከሁሉ ይሻላል፤ ሰዎቹ ያውቋችኋልና።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ነው፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። በኮምፒውተር የሚሰጥና በምርጫ የሚመለስ ነው። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የኮርስ ማስታወሻችሁን አትጣሉ። ሻጭ በየበሩ የሚያዞረውን «ሾርት ኖት» አልመክርም፤ ስህተት የሞላበት አይቻለሁ።

የድጋፍ ደብዳቤውን ደግሞ ፊልድ ላይ እያላችሁ ጠይቁ። ፕሮጀክት ሲያልቅ ሠራተኛው ይበተናል፤ ከዓመት በኋላ ብትመለሱ የሚያውቃችሁ ዘበኛው ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ ማኅተም የለውም።